በሩ አልከፈት ያለ ጠዋት

ጠዋት በሩን ብገፋው አልከፈት አለኝ። በትከሻዬ ስደግመው ሦስት ጣት ያህል ፈቀቅ አለ፤ በክፍተቱ የሚታየው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። በረዶው ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ፣ ነፋሱ ጠርጎ በራችን ላይ ከምሮታል። ትልቁ ልጄ በመስኮት ዘሎ ወጣና ከውጭ በኩል ዝቆ ከፈተልን። (እስካሁን እየፎከረ ነው።)

መኪናችን የቱ ጋ እንዳለች ያወቅነው በአንቴናዋ ነው። ባለቤቴ "ሞተር ሳይነሳ መጀመሪያ የጭስ ማውጫው ይጠረግ" አለች። እውነቷን ነው፤ እሱ ከታፈነ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል። እኔ ደግሞ ቶሎ ልገላገለው ብዬ አካፋውን ሞልቼ ሳነሳ ወገቤን ያዘኝ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት እየገፋሁ ነው፤ ካነሳሁም ግማሽ አካፋ።

ትንሿ ልጄ የወጣችው ለሥራ አልነበረም። የበረዶ ሰው ካልሠራን ብላ ነዘነዘችን። ሞከርን፤ በረዶው እንደ ዱቄት ከእጃችን እየፈሰሰ እምቢ አለ። ብርዱ ሲበረታ ይደርቃል፣ አይጣበቅም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወጥታ ትንሽ ሲረጥብ ግን "አባዬ፣ ያዘ! ያዘ!" እያለች ጮኸች። ሰውዬው አንገት የለውም፣ ወደ ግራም ያዘነብላል፤ ባርኔጣው የኔ ነው።

ዝቀን የቆለልነው ክምር መንሸራተቻ ሆነልን። በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ተራ በተራ ወረድን። እኔ ስቀመጥበት ተሰነጠቀ። ባለቤቴ እስካሁን አላየችውም።