ሪላያብሊ የምትለው ቃል

ዛሬ ጠዋት እማዬን የግፊት ቀጠሮዋ ስለነበር ይዣት ሄድኩ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። አስተርጓሚ እንጥራ ሲሏት "ልጄ አለችልኝ" ስለምትል ሁሌም የማስተረጉምላት እኔ ነኝ። ነርሷ በእንግሊዝኛ መድኃኒቱን ሪላያብሊ (reliably) ትወስዳለች ወይ ብላ ጠየቀችኝና እኔም አፌ ላይ እንደመጣልኝ "እማዬ ኪኒኑን በአስተማማኝ ሁኔታ ነው የምትወስጂው?" አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። "ምነው፣ አላመነችኝም እንዴ?"

ወዲያው "አይ እማዬ፣ ሳታጓድዪ ትወስጃለሽ ወይ ነው ያለችው" ስላት "ውይ! አንድም ቀን አጓድዬ አላውቅም" ብላ ከቦርሳዋ ያቺን ሰባት ክፍል ያላትን የኪኒን ሳጥን አወጣች፣ እስከ ዛሬ ያሉትን ባዶ ክፍሎች አንድ በአንድ እየከፈተች ለነርሷ አሳየቻት።

ቤት ከገባሁ በኋላም ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ። የሪላያብሊ መነሻ የሆነው ሪላይ (rely) የሚለው ቃል በድሮ ፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ነው፣ ሥሩ ማሰር ማለት ነው። የኛ አስተማማኝ ደግሞ ከአመነ ነው የሚወጣው። እንግሊዝኛው ገመድ ነው፣ የኛ እምነት፣ ታዲያ እናቴ ስለ ኪኒን ስትጠየቅ ስለ ታማኝነቷ የተጠየቀች ቢመስላት ምን ይገርማል? ደግሞ በአስተማማኝ ሁኔታ የዜና አማርኛ ነው እንጂ ቤት ውስጥ ማን ይለዋል። መኪናው ሪላያብሊ ይነሳል ለማለት እኛ "አንድም ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም" ነው የምንለው። ሳያጓድል፣ ሳያቋርጥ፣ ሳያዛንፍ፣ ሁሉም በ"ሳ" የሚጀምሩ፣ ያልጎደለውን ነገር እየጠራን ነው የምንናገረው፣ እኔ ይሄ በጣም ደስ ይለኛል። ወሬን ከሚታመን ሰው ሰማሁ ለማለት ሲሆን ግን ያው ሪላያብሊ "ከታማኝ ምንጭ" ይሆናል፣ እዚያ ጋ እምነት ቦታው ነው።

ተማምኜ የሚለውስ? እሱ የሚናገረው ስለሚታመነው ሳይሆን ስለሚያምነው ሰው ነው። ስንመለስ መኪና ውስጥ ቀበቶዋን እያሰርኩላት፣ እንዲያ ብዬ በመጠየቄ ይቅርታ ስላት፣ እጄን ያዝ አድርጋ "እኔ እኮ አንቺን ተማምኜ ነው አገሬን ጥዬ የመጣሁት" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሞተሩን ሳላስነሳ ትንሽ ቆየን።