ቢጫው ቀድሞ ያልቅ ነበር

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!

ነገ እንቁጣጣሽ ነው። ቤቱ ቄጤማ ቄጤማ ይሸታል። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ልጅ ሆኜ የምሥለው መልአክ ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል።

ታስታውሳላችሁ? ወረቀት ዘይት ቀብተን እናሳልፈዋለን። የመልአክ ሥዕል ላይ ደርበን በእርሳስ መስመሩን እንከተላለን። ከዚያ ከደብተር መሃል በገነጠልነው ሉክ ላይ እንገለብጠዋለን። ክንፉ ቢጫ፣ ፀሐዩ ቢጫ፣ አደይ አበባው ቢጫ። ከቀለሙ ሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ቢጫው ነበር።

በነጋታው በር ማንኳኳት ነው። አንዲት ጎረቤታችን ሳንቲሙን ሰጥተው ብቻ አይሸኙኝም። ሥዕሉን ወደ ብርሃን አስጠግተው ያዩታል። «እሰይ የኔ ልጅ፣ ዓይኑን አሳምረኸዋል» ይሉኛል። ከዚያ ግድግዳቸው ላይ በሊጥ ይለጥፉታል። በዓመቱ ስመለስ የአምናው መልአክ ጢስ አጥቁሮት እዚያው አለ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ በምንም አላገኘሁትም።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሠዓሊና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ትዝ ይለኛል። በ1924 ዓ.ም. ሐረር ተወለደ። እናቱን ገና በሕፃንነቱ አጣ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። እንግዲህ ልጁ ሥዕልን ያወቀው አባቱ እጅ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ግብርና ጀምሮ ነበር። ልቡ ግን እዚያ አልነበረም፤ ትቶት ወጣ።

ከዚያ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረ። ሲመለስ ይዞት የመጣው ረቂቅ ሥዕል፣ ነገሩን እንዳለ ሳይሆን በቀለምና በቅርጽ የሚናገረው፣ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነበር። «ይሄ ደግሞ የኛ ነው?» ያሉ ነበሩ። እሱ ሥራውን ቀጠለ፤ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ግጥምም ጻፈ። «ሀገሬ» የሚለውን ግጥሙን ያልሰማ መቼም ይኖራል አልልም።

«የኛ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ለኔ መልሱ «ጎልጎታ» የተባለው ሥዕሉ ነው። ስቅለት ነው፣ ግን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንደምናውቀው አይደለም። መጀመሪያ ዓይናችሁን የሚይዘው ቀዩ ነው። ቀስ እያላችሁ ነው የተሰቀለውን የምታዩት። ይህን ሥዕል አባቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያደገው ልጅ ሠራው ብዬ አምናለሁ። ኮሎኝ አሣሣሉን አስተማረው እንጂ ሥዕሉን አልሰጠውም።

በደርግ ዘመን ከአገር ወጣ። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ሎውተን በምትባል ከተማ አረፈ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ስለ አገሩ እንደዚያ የጻፈ ሰው! ጀርመን ከነበሩት ሥራዎቹ ግን ወደ አገር የተመለሱ አሉ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ይታያሉ። በበዓሉ ሰሞን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጎራ በሉ።

በውጭ አገር ያላችሁ ወዳጆቼ፣ እናንተ ጋ በር የሚያንኳኳ ልጅ ላይኖር ይችላል። ሥዕል ከሠሩ ልጆች ፎቶውን ላኩልኝ፤ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።

የእህቴ ልጅ አሁን አጠገቤ መሬት ላይ በደረቷ ተኝታ መልአክ እየሣለች ነው። አንዱ ክንፍ ከሌላው በጣም ይበልጣል። ቢጫ ሁለት ገዝቼላታለሁ። ሊጡም ተቦክቷል።

መልካም አዲስ ዓመት!