የሠራተኛ ኪስ ይዤ የሮማ ዲናር የሰበሰብኩት እንዲህ ነው

የጥንት ሮማ የብር ሳንቲም የሆነውን ዲናር መሰብሰብ የሀብታም ጨዋታ ይመስላል። አይደለም። ኪስ የሚያራቁተው ሁሉም ሰው የሚፈልገውን ማሳደድ ነው። ለምሳሌ የሮማው ቄሳር የጢባርዮስ ዲናር ከወንጌሉ «የቄሳርን ለቄሳር» ጋር ስለሚያያዝ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ሻጮችም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። የምኖረው ለንደን ነው፤ ደመወዜም ልክ አለው። ስለዚህ በሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ቤተሰብ ጀመርኩ።

ሰውየው በዛሬዋ ሊቢያ፣ ሌፕቲስ ማግና ተወልዶ ሮማን የገዛ ነው። የሞተው እ.ኤ.አ. በ211 እዚሁ እንግሊዝ፣ ዮርክ ውስጥ ነው። የወታደሩን ደመወዝ ጨመረና በዲናሩ ውስጥ ያለውን ብር ወደ ግማሽ ገደማ አወረደው። በገፍ ስላስቀረጸው ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል፤ ደህናውን በጥቂት አሥርት ፓውንዶች ታገኛላችሁ። የሚስቱን የዩሊያ ዶምናን፣ የልጆቹን የካራካላንና የጌታን (Geta) ስትጨምሩበት ቤተሰቡ ሙሉ ነው። ካራካላ ይህን ታናሽ ወንድሙን አስገድሎ ስሙና ምስሉ ከየቦታው እንዲፋቅ አዘዘ። ሳንቲሙን ግን ከሰው ኪስ ለቅሞ አልጨረሰውም።

ላቲን አልችልም። ግን ዙሪያውን ያሉት ፊደሎች በአብዛኛው የማዕረግ ምህጻረ ቃላት ናቸው። የትሪቡንነት ሥልጣን የሚባለው የንጉሠ ነገሥቱ ማዕረግ በየዓመቱ ይታደስ ስለነበር ቁጥሩ ካለበት የተቀረጸበትን ዓመት ይነግራችኋል።

ፎርጂድ ሞልቷል። መጀመሪያ እመዝነዋለሁ፤ የዚያ ዘመን ዲናር 3 ግራም አካባቢ ነው። ቀጥሎ ጠርዙን በማጉያ መነጽር አያለሁ። የመጋጠሚያ መስመር ወይም ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ካለው በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ፎርጂድ ሊሆን ይችላል። ከብሩ ሥር መዳብ ብቅ ካለ ደግሞ አጭበርባሪው ራሱ የጥንት ሰው ሊሆን ይችላል! እንዲህ ያለውን ለይተው የሚሰበስቡም አሉ። ጥቁረቱን በሶዳ አትፈግፍጉት፤ ዋጋውም አብሮ ይታጠባል።

ከሁሉ በላይ የማጠብቀው ወረቀቱን ነው። በእንግሊዝ ሕግ ከ300 ዓመት በላይ የሆናቸው ሁለት የብር ሳንቲሞች አንድ ላይ ከተገኙ ለመንግሥት ማሳወቅ ግድ ነው። ስለዚህ ከየት እንደወጣ፣ ቀድሞ በማን እጅ እንደነበር የማይነግረኝን ሻጭ አልፈዋለሁ።

ለአክሱም ሳንቲም ደግሞ ጥንቃቄዬ ይብሳል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የግሪክ የንግድ መመሪያ፣ በአክሱም ወደብ በአዱሊስ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች ጥቂት ዲናር ይገባ እንደነበር ይናገራል። ኋላ የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ በስሙ ወርቅና ብር አስቀረጸ። የእሱን ብር ብይዝ ደስታዬ ነው። ግን ቅርስ ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ማውጣት ክልክል ነው። የቆየ ሰነድ የሌለውን በነጻ ቢሰጡኝም አልነካም።