ትንፋሽ፣ ላብና ጅማት፦ ከደብረ ማርቆስ የሩጫ ማስታወሻ

በዚህ ዓመት ከልምምዴ ጎን ለጎን ስለ ሰው ልጅ ዝግመተ ለውጥ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ከንባቡ ለሩጫዬ የጠቀመኝንና ሌሎች ሯጮችንም ይጠቅማል ያልሁትን እነሆ አካፍላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎቹ ዴኒስ ብራምብልና ዳንኤል ሊበርማን «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ የሰው ሰውነት ለረጅም ርቀት ሩጫ የሚያመች ሆኖ የተለወጠ መሆኑን ተከራክረዋል። ሌላው ተመራማሪ ዴቪድ ካሪየር ደግሞ 20 ዓመት ቀድሞ የሐሳቡን መነሻ ጽፎት ነበር። በሁለት እግር መራመድ ከሩጫው እጅግ የቀደመ ነው። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር፤ እግሯ ግን አጭር ነበር። የሯጭ ምልክቶች ጎልተው የሚታዩት ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተነሣው ሆሞ ኢሬክተስ በተባለው የጥንት የሰው ዝርያ አጥንት ላይ ነው።

ነገሩን በራሳችሁ ሰውነት ላይ መፈተሽ ትችላላችሁ። ሜዳ ላይ በዝግታ እየተራመዳችሁ መዳፋችሁን መቀመጫችሁ ላይ ብታሳርፉ ጡንቻው ልል እንደ ሆነ ይቆያል፤ ወደ ሶምሶማ ስትሸጋገሩ ግን እግራችሁ መሬት በረገጠ ቁጥር ጥብቅ ይላል፤ የሚሮጥ ሰው ወደ ፊት እንዳይደፋ ደግፎ የሚይዘው እርሱ ነውና። የማጅራት ጅማት ራሳችን እንዳይወዛወዝ ይጠብቃል። ባትን ከተረከዝ ጋር የሚያያይዘው ጅማት በቺምፓንዚ ዘንድ እጅግ አጭር ሲሆን፣ የእኛ ረጅም ስለ ሆነ በየእርምጃው እየተለጠጠ ኃይል ያጠራቅማል፣ ሲሰበሰብም መልሶ ይሰጠናል።

ከሁሉ ይበልጥ የረዳኝ የትንፋሽ ጉዳይ ነው። አራት እግር ያለው እንስሳ ሽምጥ ሲጋልብ ትንፋሹ ከእርምጃው ጋር ስለሚታሰር በአንድ ዝላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይተነፍሳል፤ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር በአጠገባችሁ የሚያልፈውን ፈረስ አፍንጫ ብታዳምጡ ይህ በግልጽ ይሰማል። በማለክለክ የሚቀዘቅዙ እንስሳት እየጋለቡ እንደ ልብ ማለክለክ ስለማይችሉ፣ በጠራራ ፀሐይ ከተሳደዱ ሙቀታቸው ያይላል። ሰው ግን የትንፋሹን ምት እንዳሻው ያፈራርቃል፤ ሙቀቱንም ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን በሚደርሱ የላብ ዕጢዎች ያስወጣል። (ፈረስ እርሱም ስለሚያልበው በቀላሉ አይረታም፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዌልስ በተጀመረው የሰውና የፈረስ ውድድር ሰው መጀመሪያ ያሸነፈው በ2004 ነው።)

ከዚህ በኋላ ሰዓት ማየቱን ትቼ ትንፋሼን መለኪያ አደረግሁ። በሜዳው በሦስት እርምጃ አስገብቼ በሁለት አስወጣለሁ፤ ወደ ረቡዕ ገበያ ከተማ የሚያወጣው ዳገት ሲጠና ሁለት በሁለት ይሆናል፤ ትንፋሼ ከዚያም በላይ ከፈጠነ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ እንጂ አልቆምም። ዱሮ ወገቤን ይዤ እቆምበት የነበረውን አቀበት አሁን ከጓደኛዬ ጋር እያወጋሁ እጨርሰዋለሁ።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ብርዳማ ከተማ ስለ ሆነች የላብን ሥራ የተረዳሁት ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርጄ ስሮጥ ነው። እዚያ ላቡ ግንባሬ ላይ ወዲያው ይደርቅና ጨዉ ቅንድቤ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ይኸው መትነኑ ነው፤ ባሕር ዳር ከዝናብ በኋላ ባለው ወበቅ ግን ላቡ ሳይተን ስለሚንጠባጠብ ብዙም አይጠቅምም።

«እኛ ደገኞች ለሩጫ የተፈጠርን ነን» ሲባል እሰማለሁ፤ በእኔ አስተያየት ይህ ሁለት ነገር ያቀላቅላል። ጅማቱና ላቡ የሰው ዘር ሁሉ የጋራ ነው፤ የደጋ አየር በደማችን ላይ የሚያመጣው ለውጥ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው።

የጥንት ሰው እንስሳን እየሮጠ በማድከም ያድን ነበር የሚለውን የእነ ሊበርማንን ሐሳብ የማይቀበሉ ተመራማሪዎችም አሉ፤ የጥንቱ መኖሪያ ዛፍ የበዛበት ስለ ነበር ዱካ ተከትሎ እንስሳን ማድከም አዳጋች ነበር ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ግን እንስሳን እየሮጡ በማድከም ስለማደን የሚናገሩ 400 የሚጠጉ የጽሑፍ ምስክርነቶችን ከየአገሩ ሰብስቧል። ምስክርነቶቹ የቅርብ ዘመን ቢሆኑም ሚዛኑ ወደ እነ ሊበርማን ያደላ መስሎኛል።

ቀጥሎ የምሞክረው ቁልቁለቱን ነው፤ በትንፋሽ ቀላል ቢሆንም ጭኔን ከዳገቱ ይበልጥ ያደክመዋል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የምትሮጡ ጓደኞቼ የትንፋሽ ቆጠራችሁ ስንት በስንት እንደ ሆነ ብትነግሩኝ ከእኔው ጋር አስተያየዋለሁ።