እሱ ሳይቀርብ አልገድፍም

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ!

ሌሊቱን በቅዳሴ ቆማችሁ ላነጋችሁ፣ ዶሮው ከብዷችሁ ጋደም ብላችሁ ስልክ ለምትነካኩ፣ ልጆቻችሁ አዲሱ ልብስ ላይ ከወዲሁ ወጥ ላፈሰሱባችሁ፣ ሁላችሁም እንኳን አደረሳችሁ። ሪያድና ቤይሩት በሰው ቤት ሥራ ላይ ሆናችሁ በዓሉን ከኩሽና ጥግ በስልክ ለምታዩ እህቶቼ፣ ዋሽንግተን ከፈረቃ ወጥታችሁ ይህን ለምታነቡ ወንድሞቼ፣ እናንተንም እንኳን አደረሳችሁ። ዓመት ዓመት ያድርሰን።

በየዓመቱ በዚህ ቀን አጠር ያለ ነገር ጽፌ አልፋለሁ። ዘንድሮ አጭር አልሆነልኝም። ጎረቤታችን እማማ የሌሉበት የመጀመሪያው ፋሲካ ነው።

ሽሮ ሜዳ የምትመላለሱ ሳታዩዋቸው አትቀሩም። በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ነጠላ ሲቋጩ የኖሩ ሴት ናቸው። ነጠላውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ዘርፉን ሁለት ሁለት ክር እያነሱ በመዳፋቸው ይገምዱታል። ሰላም ስትሏቸው ቀና ይላሉ፤ እጃቸው ግን ሥራውን አያቆምም። ዛሬ የለበሳችሁት ነጠላ በእሳቸው እጅ ያለፈ ሊሆን ይችላል።

ከ8 ዓመት በፊት በዚሁ ቀን ቤታችን መጡ። ያኔ ታላቅ ወንድሜ ከታመመ 4ኛ ዓመቱ ነበር። ማንም የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። ማታ ማታ ከድምፁ ጋር ሲከራከር ያድራል። በበዓል ቀን እንግዳ ሲመጣ እኛ ምን እናደርግ እንደነበር እስከ ዛሬ ጽፌው አላውቅም። ጓሮ ያለችው ክፍል አስገብተን ከውጭ እንቆልፍበት ነበር። ምግቡን በመስኮት የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ዶሮው አይቀርበትም። እንቁላሉም አይቀርበትም። እናቴ ከሁላችንም በፊት ለእሱ ነበር የምታወጣው። ፍቅር አልጎደለበትም። በሩ ግን ይቆለፍ ነበር።

እማማ መጥተው ተቀመጡ። እናቴ አቀረበችላቸው። ዙሪያውን አዩና «ትልቁ የት አለ?» አሉ። «ተኝቷል» አለች እናቴ። ወዲያው ከጓሮ የወንድሜ ድምፅ ተሰማ። ማንም ቃል አልተነፈሰም። እማማ ያነሱትን ጉርሻ መልሰው መሶቡ ላይ አስቀመጡት።

«እሱ ሳይቀርብ እኔ አልገድፍም» አሉ።

እናቴ አለቀሰች። እማማ እጇን ይዘው «የእኔም ልጅ እንዲሁ ነው፤ 6 ዓመቱ። ለሰው ስናገር ዛሬ ገና ነው» አሏት። ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ዕድር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ኖረን ሁለታችንም ደብቀን ነበር።

ቁልፉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ወጣ። ፀሐዩ ዓይኑን ወግቶት በእጁ ከለለ። እማማ አጠገብ ተቀምጦ ዝም ብሎ መብላት ጀመረ። አንዴ ብቻ ቀና ብሎ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» አለ። እውነቱን ነበር። ሁላችንም እያየነው አፍረን ያልተናገርነውን ነው የተናገረው። ሳቅን። እሱም ሳቀ። ያን ሳቁን ከሰማን ስንት ዘመን ሆኖን ነበር።

የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በቤታችን ያለን ቤተሰቦች ማኅበር የተጀመረው ያን ቀን ነው። መጀመሪያ ሁለት ቤት ነበርን፤ በዓመቱ ሰባት ሆንን። አሁን 23 ቤተሰብ ነን። በየወሩ መጨረሻ እሑድ የዕድሩ ቤት ቡና እናፈላለን፤ በቤት 100 ብር እናዋጣለን። እማማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገንዘብ ያዣችን ነበሩ። የባንክ ደብተር እስክናወጣ ድረስ ብሩ የሚቀመጠው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ነው። አንድ ቀን አንድ ብር ጎድሎ አያውቅም።

ገንዘቡ ምን እንደሚሠራ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ከልጆቻችን ብዙዎቹ የወር መርፌ ነው የሚወስዱት። መርፌው ቀን አለው። አንዱን የዘለለ ሰው ለጊዜው ምንም ያልሆነ ይመስላል፤ እንዲያውም «ድኛለሁ፣ ተዉኝ» ይላል። ከዚያ ቀስ በቀስ እንቅልፍ ይሄዳል፤ ድምፁ ይመለሳል። አንዳንዱ የሚዘልለው ባለመፈለግ ሳይሆን የታክሲ አጥቶ ነው። እናቱ ጉሊት ጥላ መሄድ ስላልቻለች ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪያችን የታክሲ ነው፤ ለታማሚውም አብሮት ለሚሄደውም። ሁለተኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የዓመት መዋጮ ነው፤ መክፈል ላልቻሉ ቤቶች እኛ እንከፍላለን። ሦስተኛው መድኃኒቱ መንግሥት ቤት ሲጠፋ ከውጭ የምንገዛበት ነው። መድኃኒቱ ረኃብ የሚያበዛባቸው ልጆች ስላሉ፣ አቅም ላነሳቸው ቤቶች ዱቄትና ዘይት እንጨምራለን። ይኸው ነው።

የጾሙ ጊዜ ለእኛ ከባዱ ወቅት ነው። በሰሙነ ሕማማት ወንድሜ ክኒኑን አልውጥም ይላል። «ጾም እሽራለሁ» ነው ነገሩ። በሌላ ነገር ብትለምኑት ይሰማል፤ በዚህ አይሰማም። እማማ ናቸው አንድ ዓመት የንስሐ አባታችንን ይዘው የመጡት። አባ አጠገቡ ተቀምጠው «መድኃኒት ጾም አይሽርም ልጄ፣ እኔም የደም ግፊት ክኒን እውጣለሁ» አሉት። ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩት። ከዚያ ወዲህ በሕማማት ጠዋት ጠዋት ስልክ ይደውልላቸዋል። «አባ፣ ዋጡ?» ይላቸዋል። «ዋጥኩ፤ አንተስ?» ይሉታል።

እዚህ እኛ ሰፈር ጸበልና መድኃኒት የሚጣሉ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንጦጦ ከራሳችን በላይ ነውና ሁላችንም ወጥተናል፤ እኔም ወንድሜን ይዤ ብዙ ጊዜ ከርሜያለሁ። አልጸጸትም፤ ሰላም ያገኘበት ነው። የጸጸተኝ መድኃኒቱን አስቁመን መውጣታችን ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜም እዚያው እንጦጦ ይኸው ጭንቀት ነበር። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ ተናግረዋል፤ ያ ቃል የብዙ ሰው ሕይወት ላይ ደርሷል ብዬ አምናለሁ። ለአእምሮ ሕመምም በየዐውደ ምሕረቱ ይነገርልን። ካህናት ወዳጆቼ፣ ይህችን መስመር ለእናንተ ነው የጻፍኳት።

እማማ ጥር ላይ አረፉ። ስኳር ነበረባቸው። የሰውን ሁሉ የቀጠሮ ካርድ ቁጥሩን በቃላቸው የሚያውቁት ሴት የራሳቸውን ቀጠሮ ሁለት ጊዜ አሳልፈዋል። አንዱን ያሳለፉት የጎረቤት ልጅ ይዘው አማኑኤል የአእምሮ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ነው። ይህን ያወቅነው ከቀብር በኋላ ካርዳቸውን ስናይ ነው። ሰው ሁሉ ሲጠይቃቸው «ደህና ነኝ» ይላሉ፤ እኛም ደህና ናቸው ብለን አለፍን። ማኅበሩ ለታማሚ ቆሞ አስታማሚዋን አላያትም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰልስቱ አለፈ። ድንኳኑ ተነሣ። ሁላችንም የምንጨነቀው ልጃቸው እንዴት ይሆናል እያልን ነበር። አንድ ልጃቸው ነው። 14 ዓመት ሙሉ አንዴም ያለ እናቱ ሐኪም ቤት ሄዶ አያውቅም። እየተጨነቅን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ማክሰኞ የመርፌው ቀን መሆኑን ማናችንም አላስታወስንም።

ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ለሥራ ስወጣ ታክሲ መያዣው ጋ ቆሞ አየሁት። ፀጉሩን አበጥሯል። የእናቱን ጥቁር ሹራብ ከሸሚዙ በላይ ደርቧል። ካርዱ እጁ ላይ ነው። «ወዴት ነው?» አልኩት። «ማክሰኞ እንዳትቀር ብላኛለች» አለኝ። ሥራ ደውዬ ቀረሁና አብሬው ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ አልተናገረም። መርፌውን ተወግቶ ስንወጣ ግን በሩ ላይ ቆሞ «አሁን ለማን ነው የምነግረው?» አለኝ። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ከመርፌው ሲወጣ ለእናቱ «ጨረስኩ» ይላት ነበር። «ለእኔ ንገረኝ» አልኩት። «ጨረስኩ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ማክሰኞ ሄዷል።

አሁን የማመሰግናቸው ሰዎች አሉ፤ ሳላመሰግን ዛሬ አልውልም።

የዕድራችን ዳኛ፣ ለሆሳዕና ለማኅበሩ ገንዘብ ላሰባሰብንበት ጨረታ ድንኳኑንና ወንበሩን ያለ ኪራይ ሰጥተውናል። «ዕድር ለሞተ ብቻ ነው ያለው ማነው?» ብለው የተቃወሙትን ዝም አሰኙልን። በሰፈሩ ያሉ አራት የቅርጫ ቡድኖች ከየበሬያቸው አንድ አንድ መደብ ለጨረታ ለቀቁልን። ጨረታው ላይ የነበራችሁ አትረሱትም። የቅመም ሱቅ ያላቸው ሐጂ የመጀመሪያውን መደብ 15 ሺህ ብር አሸነፉና «እኔ ይህን ሥጋ አልበላም፤ መልሱና ሽጡት» አሉ። ሁለተኛ ተሸጠ። ያሸነፈችውም መለሰች። ሦስተኛ ተሸጠ። በመጨረሻ የወሰደው የታክሲ ረዳት ነው፤ እሱና ጓደኞቹ አዋጥተው። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ድምፁ ተዘግቶ ስለነበር ዋጋውን በጣቱ ነበር የሚጠራው። ማታ ደብተሩ ላይ 87 ሺህ 400 ብር ሰፈረ። እማማ ቢኖሩ ሦስት ጊዜ ይቆጥሩት ነበር። እኛም ሦስት ጊዜ ቆጠርነው።

የጤና ጣቢያዋን ነርስ አመሰግናለሁ። ጉራጌ ውስጥ ሶዶ ወረዳ ላይ የተደረገውን ጥናት የነገረችን እሷ ናት። የጤና ባለሙያ ያልሆኑ የአካባቢ ሰዎች ለአምስት ሳምንት ሠልጥነው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ሲደግፉ፣ ከ12 ወር በኋላ ታማሚዎቹ የዕለት ኑሯቸውን በመምራት የተሻለ ሆነው ተገኝተዋል። «ስለዚህ እናንተም ትችላላችሁ» አለችን። ስድስቶቻችንን በእረፍት ቀኗ እየመጣች አስተማረችን። አንድ ሳንቲም አልተቀበለችም።

ከዓረብ አገር ታማ የተመለሰችው እህታችን፣ አንቺንም። መጀመሪያ ስትመጪ ፊትሽን በሻሽ ሸፍነሽ ነበር። አሁን አዲስ የሚመጣውን ሰው በር ላይ የምትቀበዪው አንቺ ነሽ። ዛሬ ጠዋት የላክሽልኝን የድፎ ፎቶ ለሁሉም አሳይቻለሁ፤ ይቅርታ ሳልጠይቅሽ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የመቄዶንያ የቀጥታ ስርጭት ላይ አገር ሁሉ በመቶ ሚሊዮኖች ብር ሲያዋጣ ሌሊቱን ተቀምጠን ያየን ነን። እንባችንን እየጠረግን እኛም ላክን። እነሱ ጎዳና የወደቀውን ያነሳሉ። የእኛ ሥራ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ሰውዬው ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ እናቱ ገና ሳትደክም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛው ቀላል ነው። ጓደኛችሁ ሲያናድዳችሁ «አንተን አማኑኤል ነው መውሰድ» አትበሉ። ያ ቤት ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ቆሞ ያለ፣ ለብዙ ዓመታት ከየጠቅላይ ግዛቱ በአውቶቡስ የመጣ እናት ሁሉ ተስፋ ያደረገበት ሐኪም ቤት ነው። ወንድሜ እዚያ ነው የዳነው። ታክሲ ውስጥ ሰው በስሙ ሲሳደብ በሰማ ቁጥር መስኮት መስኮቱን ያያል።

ሁለተኛው ይህ ነው። በዓል ሲሆን ስልኬ አያርፍም። ዶሮ እንላክ፣ ዘይት እንላክ፣ ትላላችሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከልቤ ነው። ግንቦት ላይ ግን ማንም አይደውልም። ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሁሉም በየጉዳዩ ሲሯሯጥ፣ ዝናብ ሲጀምር፣ ታክሲ ሲጠፋ፣ ያኔ ነው ሰው የሚጎድለን። የመርፌው ቀን ከበዓል ጋር አይመጣም። ዶሮውን የሚተካ ወር ወር 100 ብር ብትሆኑን፣ ወይም በወር አንድ ጠዋት ብትሆኑን፣ ለእኔ ትልቁ የበዓል ስጦታ እሱ ነው።

ዛሬ የእማማ ልጅ እኛ ቤት ነው። አሁን ይህን ስጽፍ ከወንድሜ ጋር ዳማ እየተጫወቱ ነው፤ እናቴ ቡና ትቆላለች። ጠዋት መሶቡ ሲቀርብ እናቴ ማንንም ሳታስጎርስ ቆማ «ሁሉም አለ?» አለች። ጓሮ ያለችው ክፍል አሁን የእንጨትና የከሰል ማስቀመጫ ናት፤ በሩ ቁልፍ የለውም።

ከነገ ወዲያ ማክሰኞ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከሽሮ ሜዳ ታክሲ መያዣ እንነሣለን። ስድስት ሰው የመርፌ ቀኑ ነው፤ አብረው የሚሄዱ አምስት ነን። አንድ ሰው ጎድሎናል። የሚመቸው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

መልካም ፋሲካ።