የጨረቃው ማሰሮ፣ ጀበናዬና የአክስቴ ፍርድ

«ውበት እንደ ተመልካቹ ነው» የሚለው አባባል እዚህ ለንደን ስለ ሥነ ጥበብ ወሬ በተነሣ ቁጥር ክርክሩን የሚዘጋ መልስ ሆኖ ይቀርባል። ሰው ሁሉ የየራሱን ይውደድ ማለት ጨዋነት እንደሆነ አይጠፋኝም። ነገር ግን የእኔ ውበት ለእኔ፣ የአንተም ለአንተ ብቻ ከሆነ፣ ከባዕድ አገር ሰው ጋር ስለ አንድ ዕቃ የምንነጋገረው ነገር አይኖርም፤ እኔ ደግሞ በስደት ዘመኔ ያየሁት የዚህን ተቃራኒ ነው።

አክስቴ ከጎንደር ሊጠይቁኝ በመጡ ጊዜ ወደ ብሪትሽ ሙዚየም ወስጃቸው ነበር። በኮሪያ ክፍል ውስጥ «የጨረቃ ማሰሮ» የሚባል፣ ከጆሰን ሥርወ መንግሥት ዘመን የቀረ ትልቅ ነጭ ዕቃ ቆሟል። ጌጥም ሥዕልም የለበትም፤ ክብነቱም ፍጹም አይደለም። አክስቴ እንግሊዝኛውን መግለጫ ማንበብ ስለማይችሉ ዙሪያውን በዝግታ ቃኙትና፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ ለየብቻ ተሠርቶ ሆዱ ላይ የተጋጠመ ነው» አሉኝ። እውነትም እንዲህ ያለው ማሰሮ በአንድ ጊዜ ለመሥራት ስለሚከብድ፣ ሁለት ጎድጓዳ ሳህኖች ለየብቻ ከተሠሩ በኋላ አፍ ለአፍ ተጋጥመው ይተኮሳሉ፤ የመገጣጠሚያው ምልክትና የቅርጹ መዛባትም የሚመጣው ከዚያ ነው። ያምራል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና፣ «ረጋ ያለ ሰው የሠራው ነው፤ ደስ ይላል» ብለው መለሱልኝ። ስለ ኮሪያ የሰሙት ነገር ቢኖር የቃኘው ሻለቃ ጦር መዝመቱን ብቻ ነበር።

ማሰሮውም ራሱ ከስደት ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች እ.ኤ.አ. በ1935 ሴኡል ውስጥ ገዝቶ አመጣው፤ በኋላም ለሉሲ ሪ ሰጣት። ሉሲ ሪ በ1938 ከናዚዎች ሸሽታ ከቪየና ለንደን የገባች ሸክላ ሠሪ ስትሆን፣ በስደቷ መጀመሪያ ዓመታት የልብስ ቁልፍ ከሸክላ እየሠራች ራሷን ታስተዳድር ነበር። ሊች ወፈር ያለውንና የገጠር መልክ ያለውን ሥራ ስለሚወድ፣ የእርሷን ቀደምት ሥራዎች ስስ ናቸው ብሎ ነቅፏል። ስለ ሸክላ እንዲህ የማይስማሙ ሁለት ባለሙያዎች በዚህ አንድ ማሰሮ ግን ተስማሙ፤ እርሷም በ1995 እስክታርፍ ድረስ ከሥራ ክፍሏ አልለየችውም። ጎንደሬዋ አክስቴም ሦስተኛ ሆነው እዚያው ፍርድ ላይ ደረሱ።

ፈላስፋው ካንት በ1790 እንዳስረዳው፣ «ያማረ ነው» የሚል ሰው የራሱን ደስታ ብቻ አይናገርም፤ በደንብ ወይም በመለኪያ ማስገደድ ባይችልም ሌላውም እንዲስማማ ይጠብቃል። ይህን እቀበላለሁ። ካንት ንጹሑን የውበት ፍርድ ከዕቃው አገልግሎት ሲለየው ግን፣ ቢያንስ በሸክላ ጉዳይ አልከተለውም። አክስቴ ጀበና ሲገዙ መጀመሪያ በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይደነቁራልና። ቀጥለው እጀታው ጣት ማስገባቱን፣ ቂጡም ማቶቱ ላይ ሳይወላገድ መቀመጡን ያያሉ። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው «ታምራለች» የሚሉት። አንዲት እንግሊዛዊት የሥራ ባልደረባዬ ጀበናዬን መደርደሪያ ላይ አይታ አንገቷን አድንቃ ነበር፤ ቡና አፍልቼ ስቀዳ፣ ሰፊው ሆድ ዝቃጩን ይዞ ሲያስቀርና ቀጭኑ አንገት ጥቁሩን ቡና በስሱ ሲያወርድ ካየች በኋላ ግን ጀበናዋን በሁለት እጇ አንሥታ እንደገና ተመለከተቻት። ዓይኗ ያን ጊዜ ከአክስቴ ዓይን ጋር ተቀራርቧል ብዬ አምናለሁ። ሰው ወዶ የማያውቀውን ውበት ዕቃው ሥራ ላይ ሲውል አይቶ ሊማረው ይችላል።

ይህ እምነቴ ግን የሚያሳዝነኝን ጥያቄ ያስከትላል። የሸክላን ጥሩና መጥፎ እንዲህ አጥርተን የምናውቅ ሰዎች፣ የሠራችውን ሴት ለምን ናቅናት? አክስቴ ዕቃ ይገዙባት የነበረችው፣ ከጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራ የታወቁ የቤተ እስራኤል ሴቶች መንደር ነበረች፤ ምጣዱንና ጀበናውን እየገዛ፣ ሠሪዋን ግን «ቡዳ» እያለ የሚሸሻት ብዙ ነበር። አፄ ምኒልክ ባለ እጁን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ እስከ ማወጅ መድረሳቸው ንቀቱ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል። ዛሬ አብዛኞቹ የመንደሯ ቤተሰቦች የሚኖሩት እስራኤል አገር ነው። የነዚያ ሴቶች ሥራ የጎደለው ውበት አልነበረም፤ የጎደለው ከገዢው በኩል የሚገባው አክብሮት ነበር።

በናይጄሪያ ግን ሸክላ ሠሪ ተከብራለች፤ የሸክላ መሥሪያ መንኮራኩር ሳትጠቀም በእጇ እንስራ ትሠራ የነበረችው የላዲ ክዋሊ ምስል በ20 ናይራ የወረቀት ገንዘብ ላይ ታትሟል። እኔ አሁን ከአገር ቤት ጀበና ወይም ምጣድ ይዞ የሚመጣ ወዳጅ ባገኘሁ ቁጥር፣ በየትኛው መንደር፣ በማን እጅ እንደተሠራ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ሰው የሚመልስልኝ የገበያውን ስም ነው። አክስቴ ግን ባለፈው ሰሞን በስልክ ስናወራ፣ የአሁኗን ሸክላ ሠሪያቸውን ስም ከነአባቷ ነግረውኛል።