ዋስ የሆንኩበት ገንዘብ

የእህቴ ልጅ እዚሁ ባሕር ዳር የሰው ባጃጅ እየነዳ ይኖራል። ዘንድሮ 40 ሆነን በየሳምንቱ እሑድ 2,000 ብር በምንጥልበት ዕቁብ፣ ገና በ3ኛው ሳምንት ዕጣ ወጣለትና 80,000 ብር ወሰደ፤ ዋሱም እኔ ነኝ። ገንዘቡ ለራሱ ባጃጅ መግዣ መነሻ እንዲሆነው አስቦ ነበር፤ ነገር ግን በቴሌግራም በየማለዳው የትርፍ ምስል የሚለጥፉ ሰዎች ሐሳቡን አስቀየሩት።

የገባበት የክሪፕቶ፣ ማለትም እንደ ቢትኮይን ያለ በኢንተርኔት ብቻ የሚገኝ ዲጂታል ገንዘብ፣ ፊውቸርስ የሚባለው ግብይት ነው፤ ዋጋው ይወጣል ወይም ይወርዳል ብሎ በብድር መወራረድ ማለት ነው። አንድ ሰው በ20 እጥፍ ብድር ቢትኮይን ይወጣል ብሎ ሲገባ፣ ዋጋው 5 በመቶ ያህል እንደወረደ ያስያዘው ገንዘብ በሙሉ ይወሰድበታል፤ ዋጋው ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ቢወጣ እንኳ ለእርሱ የሚመለስለት ነገር የለም። ቢትኮይን ደግሞ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ወደ 69,000 ዶላር ደርሶ በዓመቱ ከ16,000 ዶላር በታች የወረደ ነው። ልጁ ጣና ዳር ተቀምጠን «ጋሼ፣ ተኝቼ ስነሳ ባዶ ነው» ሲለኝ የምመልስለት ቃል አጣሁ።

በዕቁብ ማንም ካዋጣው በላይ አይወስድም፤ የሚለያየን የመውሰጃው ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ «ሁሉም ያተርፋል» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ትርፉ ከማን ኪስ እንደሚወጣ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ቶክን የሚሉት የክሪፕቶ ገንዘብ አያርስም፣ አይሸምንም፣ ከጣናም ዓሣ አያወጣምና፣ ቀድሞ የሸጠው የሚያተርፈው ዘግይቶ ከገዛው ነው። በሜይ 2022 የወደቀው ቴራ የተባለ የክሪፕቶ ፕሮጀክት፣ ከ1 ዶላር ዋጋው አይነቃነቅም በተባለው ገንዘቡ ላይ በዓመት 20 በመቶ ገደማ ወለድ ይታሰብ ነበር፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ዋጋ አልባ ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኤፍቲኤክስ የተባለው ትልቅ የመገበያያ ድርጅት ከሰረ፤ መሥራቹም በ2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አቤት የሚባልበት አለመኖሩ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጁን 2022 ክሪፕቶ ለክፍያ እንዲውል እንዳልፈቀደ አስታውቋል፤ ዕቁባችን ግን ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው።

ዕቁቡ ሊያልቅ 11 ሳምንት ይቀረዋል። ልጁ በየእሑዱ 2,000 ብሩን ይዞ ይመጣል፤ የጎደለበት ሳምንት እኔ እሞላለሁ።